አሮጌው ራዲያተር ወደ ቦታው እንዲመለስ ስለተሰጠው ትእዛዝ

ለተከበሩ የተሽከርካሪ ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነትና በተረጋጋ መንፈስ እንዲያገኝዎት፣ የቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣም ለአንድ ደቂቃ እንኳ ሳይቋረጥ እንዲሠራልዎት ከልብ እመኛለሁ። እኔ በእንጨት ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። ስለ ሞተር የማውቀውን ሁሉ የተማርኩት ባለፉት ሁለት ወራት ከጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ ቆሜ ስለሆነ፣ አስቀድሜ ስለ ትምህርቱ ማመስገን ይገባኛል።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። መስማት የማትችል የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አለችኝ። በምልክት ቋንቋ የሚያስተምረው ብቸኛው ትምህርት ቤት ከከተማው ሌላኛው ጫፍ፣ ከረጅሙ ዳገት በላይ ነው፤ በዚያ መስመር አውቶቡስ አይሄድም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት እንጨት በምጭንባት አሮጌ መኪናዬ የማደርሳት እኔ ነኝ። የመኪናዋ ሞተር አልነሳም ብሎ ሲቀር፣ ከጽሕፈት ቤትዎ በጽሑፍ አስፈቅጄ ተለቅ ያለ ሞተር አስገባሁ። ልጄ የፊታችን ሰኞ የዓመቱን የማጠቃለያ ፈተና ትፈተናለች፤ ካመለጣት የሚቀጥለው በዓመቱ ነው። ቅሬታዎቼ የሚከተሉት ናቸው።

፩. የራዲያተሩ ጉዳይ። ሞተሩን የቀየረልኝ፣ ሰፈሩ በሙሉ «ጋሽ ብሎን» የሚለው መካኒክ፣ ትልቅ ሞተር በትንሽ ራዲያተር አይቀዘቅዝም ብሎ ለሞተሩ የሚመጥን ራዲያተር ከነቬንትሌተሩ፣ ማለትም ከነማራገቢያው፣ ገጠመልኝ። የውሃ ቱቦዎቹን ቀየረ፤ ውስጥ አየር ታፍኖ እንዳይቀር ሞተሩን አስነስቶ ውሃውን ቀስ እያለ ሞላ፤ ከዚያም ዳገቱን ሦስት ጊዜ አመላልሶኝ የሙቀት መርፌው ከመሀል ንቅንቅ እንደማይል በዓይኔ አሳየኝ። ለምርመራ ስቀርብ መርማሪዎ ግን ኮፈኑን አስከፍቶ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ብዙ ካሰበ በኋላ፣ «ወንድሜ፣ ፈቃዱ ሞተር ነው የሚለው። እስቲ ራዲያተር የሚለውን አሳየኝ» አለኝ። ላሳየው አልቻልኩም። ፈቃዱ ላይ ውሃ የሚል ቃልም እንደሌለ ልጠቁመው አስቤ ነበር፤ ውሃውንም ያስደፋኛል ብዬ ፈርቼ ተውኩት። አሮጌው ራዲያተር በአምስት ቀን ውስጥ ወደ ቦታው ተመልሶ መኪናዋ ለድጋሚ ምርመራ እንድትቀርብ የሚያዝ፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ተሰጠኝ። ጋሽ ብሎን ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብቦ፣ «በሬ በማንኪያ ውሃ ይጠጣ እያሉህ ነው» አለና መነጽሩን አወለቀ። ሕግ አክባሪ ዜጋ ነኝና አስመለስኩ።

፪. የሰልፉ ጉዳይ። ለጭስ ምርመራ ሞተሩ ሞቅ ማለት ስላለበት፣ ጽሕፈት ቤትዎ ተሰላፊው ሁሉ መኪናውን እንዳስነሳ እንዲጠብቅ በሰፊ ሰሌዳ አስጽፏል። ሞተር ያጠፋ ወደ መጨረሻ ይሄዳል። ኮፈን መክፈትም፣ ዕቃ ልንቀያይር እንችላለን ተብሎ ስለተጠረጠርን፣ ክልክል ነው። በአምስተኛው ቀን፣ ከፊቴ አሥራ አንድ መኪና እያለ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ ተሰለፍኩ። ልጄ አጠገቤ ነበረች። እሷ ሞተር የምታዳምጠው መዳፏን ዳሽቦርዱ ላይ አድርጋ ነው። ከፊቴ አራት መኪና ሲቀር ትከሻዬን መታ አድርጋ በእጇ «አጥፋው፣ ልክ አይደለም» አለችኝ። መርፌው ገና መሀል ላይ ነበር። ወርጄ ጥበቃውን ብለምነው፣ «ማጥፋቱን ያጥፉ አባት፣ ማን ከለከለዎት? ከኋላ ሲሰለፉ ግን ዛሬ አይደርስዎትም» አለኝ፤ እውነቱን ነው። ቀነ ገደቡ የሚያበቃው በዚያው ዕለት ነበር። እኔም ማኅተሙን ከልጄ መዳፍ አስበልጬ ሞተሩን ሳላጠፋ ቆየሁ። ይህችን ጥፋት ለጽሕፈት ቤትዎ አላካፍልም፤ የራሴ ናት።

፫. የእንፋሎቱ ጉዳይ። ተራዬ ሲደርስ መኪናዋ ከኮፈኑ ሥር እንደ ማንቆርቆሪያ እየፈላች ነበር። መርማሪዎ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ቅጹን መሙላት ጀመረ። «የጭስ ምርመራ፦ ብዛት ያለው ነጭ ጭስ ታይቷል፤ ወድቋል።» ይህ ጭስ ሳይሆን እንፋሎት መሆኑን፣ የሚወጣውም ከኋላ ከጭስ ማውጫው ሳይሆን ከፊት መሆኑን በትሕትና ባስረዳው፣ «ቅጹ ከየት ወጣ አይልም አባቴ። ታየ ወይስ አልታየም ነው የሚለው» አለኝ። ልጄ፣ ቅጹ ከንፈሩን ስለጋረደባት፣ ምን እንዳለ ጠየቀችኝ። በእጄ ልነግራት ሞከርኩ፤ አልገባትም። በምልክት ቋንቋ ያልተቻለ ሐሳብ ሲገጥመኝ የመጀመሪያዬ ነው። ፍትሐዊ ለመሆን ግን በቅጹ ላይ ካሉት አሥራ ሁለት ነጥቦች አንዱን ማለፌን መደበቅ የለብኝም፤ «ሞተሩ ለምርመራ የሚበቃ ሙቀት አለው» በሚለው ላይ ራይት ተደርጎልኛል። ስላልጨከናችሁብኝ አመሰግናለሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነው የጽሕፈት ቤትዎን ጊዜ የሚያባክን አይደለም። የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ የሚያሽገው ጓርኒሲዮን ተቃጠለ፤ ቴስታታው ራሱ ለጥቂት ተረፈ። መኪናዋ ዘጠኝ ቀን ጋራዥ ስትውል፣ ልጄም ዘጠኝ ቀን ቤት ዋለች፤ የዋለችባቸውም አስተማሪዎቿ ለፈተናው የሚከልሱባቸው ቀኖች ነበሩ። ትልቁን ራዲያተር እንድገጥም እንዲፈቀድልኝ በዚያው ሳምንት አመለከትኩ። መዝገብ ቤትዎ በፈገግታ ተቀብሎኝ፣ መልሱ በሠላሳ የሥራ ቀን ውስጥ እንደሚደርሰኝ አስታወቀኝ። ፈተናው ግን ሰኞ ነው።

፬. አራተኛው ቅሬታ ሳይሆን የእምነት ቃል ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ ያለ ምንም ፈቃድ፣ እያወቅሁ፣ በሙሉ ጤንነቴ፣ ትልቁን ራዲያተር መልሼ አስገጠምኩ። ጋሽ ብሎን የለበትም፤ ብሎኖቹን ያጠበቅሁት እኔ ነኝ፣ እሱ ቆሞ ተሳደበ እንጂ። ዛሬ ጠዋት ዳገቱን ወጣን። ልጄ እስከ ግማሽ መንገድ መዳፏን ከዳሽቦርዱ አላነሳችም፤ ከዚያ አነሳችና ደብተሯን ገለጠች። መርፌውን ማየት አላስፈለገኝም። በመሆኑም መኪናዬ ከዛሬ ጀምሮ በጽሕፈት ቤትዎ ዓይን ሕገ ወጥ መሆኗንና በጥሩ ሁኔታ እንደምትሄድ በአክብሮት አስታውቃለሁ።

ለሰጡኝ ትእዛዝ፣ ለማኅተሙ ጥራት፣ ለሰሌዳው ጽሑፍ ውበት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዜጋውን አንድ በአንድ ሞተር አዋቂ ለማድረግ ለሚያሳዩት የማይታክት ትጋት ያለኝ ምስጋና ወሰን እንደሌለው እየገለጽኩ፣ ሁልጊዜም በሰልፉ መጨረሻ ላይ የማይጠፋው ታዛዥዎ ነኝ፤

የልጅቷ አባት፣ አናጺው

ተጨማሪ፦ ሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ዳገቱ ላይ እንገኛለን። መርማሪዎችዎ መጥተው ታርጋዬን ቢፈቱ አልከራከርም፤ ፈተናው ሁለት ሰዓት ላይ ስለሚጀምር ግን ባዶ ወንበር ባለው መኪና ይምጡና ልጄን ያድርሱልኝ። ከንፈር አይታ ንግግር ስለምትረዳ፣ በመንገድ ላይ ስለ እርስዎ የሚያወሩትን በሙሉ ማታ ትነግረኛለች።