የሦስተኛው እጩ ወረቀት

ድሬዳዋ፣ ሰኔ 14 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለተሻለች ሣህሉ
ጅቡቲ

ተሹዬ፣ እንዴት ነሽ? ሙቀቱስ? ከእኛው ይብሳል ይላሉ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ለፖስታ ቤት አላመንኩትም፤ ሻሽ የምትነግደው የመጋላ ገበያዋ ወዳጃችን በዕቃዋ መሀል ይዛልሽ ትመጣለች። ስሟን አልጽፍም፤ አንቺ ታውቂያታለሽ።

አባትሽ ለሸንጎ ተወዳድሮ ነበር ብልሽ ትስቂ ይሆናል። ሳቂ፣ እኔም ስቄያለሁ። ከሰፈራችን ሦስት እጩ መቅረብ አለበት ተባለ። አንደኛው የፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ የሚያልፈው እሱ እንደሆነ ሕፃን ያውቃል። ሁለተኛዋ ከሴቶች ማኅበር መጣች። ሦስተኛ ጠፋ። የቀበሌው ካድሬ ወልደጻድቅ ቤቴ ድረስ መጥቶ «ጋሽ ሣህሉ፣ ሠላሳ ዓመት ባቡር የጠገኑ ሠራተኛ ነዎት፤ ለማሟያ ይግቡልን» አለኝ። እሺ አልኩ። እውነቱን ልንገርሽ? እናትሽ ከሞተች፣ አንቺም ከሄድሽ ወዲህ ይህን በር የሚያንኳኳ የለም። አንድ ወር ሰው ይገባል ይወጣል ብዬ ነው።

በጀቱ ለሦስታችንም እኩል ነበር፣ በነፍስ ወከፍ መቶ ሃያ ብር። ከኪስ መጨመር ክልክል ነው። አርባው ለቀይ ጨርቅና ለቀለም፣ አሥራ አምስቱ ለፎቶግራፍ፣ ሠላሳው ድምፅ ማጉያ ለያዘችው መኪና ነዳጅ፣ የቀረው ሠላሳ አምስት የሕይወት ታሪካችን በሦስት መቶ ወረቀት እንዲባዛ። ሥራ አስኪያጁም እንደኛው መቶ ሃያውን ፈርሞ ወሰደ። ከዚያ የፋብሪካው ካሚዮኖች ሠራተኛውን ጭነው፣ ለስላሳ እያደሉ ሳቢያን ሰፈርን ሲዞሩ ዋሉ። በማን ሂሳብ ነው ብሎ የጠየቀ የለም። የእኔዋ መኪና መጋላ ላይ ነዳጅ ጨርሳ ገፍተን አወጣናት።

በይ ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ሲጨንቀኝ ዙሪያውን እንደምዞር ታውቂያለሽ። የሕይወት ታሪኬን ወልደጻድቅ እየጠየቀ ጻፈልኝ። ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ። ከዚያ «ልጆች?» አለና እስክሪብቶውን ይዞ ጠበቀኝ። አላስፈራራኝም፣ በሱ አትፍረጂ። ድንበር ተሻግረሽ እንደሄድሽ ያውቃል፤ እንደሚያውቅም አውቃለሁ። ጡረታዬ ታየኝ፣ ይቺ የቀበሌ ቤት ታየችኝ። «የለኝም» አልኩ። ቀና ሳይል ጻፈው። አራተኛው መስመር ላይ፣ «ልጅ የለውም» ተብሎ።

ያው ሦስት መቶ ጊዜ ተባዝቶ በየግድግዳው ተለጠፈ። ጨርቁን የሰፋልኝ ልብስ ሰፊው ገዲ ቆሞ አነበበና «አቦ ሣህሉ፣ ታዲያ እኔ ያን ሁሉ ዩኒፎርም የሰፋሁት ለማን ልጅ ነው?» አለኝ። ክፉ አልተናገረኝም፤ ግን መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። በቀጥታ ወልደጻድቅ ዘንድ ሄድኩ። እንደገና ይባዛ፣ ከጡረታዬ እከፍላለሁ ብዬ ለመንኩት። «እጩ ከኪሱ አያወጣም፣ ጓድ ሣህሉ። በጀቱም አልቋል» አለኝ። ምን ተብሎ ይታረም ብሎ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ ያኔም ደፍሬ ስምሽን መጥራቴን እንጃ።

ሥራ አስኪያጁ አለፈ። እኔ መቶ አሥራ ሰባት ድምፅ አገኘሁ፤ እነማን እንደሆኑ ባውቅ ምሳ እጋብዛቸው ነበር። ከምርጫው ማግስት ጀምሮ በሬን ያንኳኳ የለም። ትናንት የወጪውን ሂሳብ ስንዘጋ ያልተለጠፉ አሥራ ሁለት ወረቀቶች ተርፈው ተገኙ። አሥራ አንድ ብዬ ፈርሜ አስረከብኩ። በዕድሜዬ የመንግሥት ዕቃ ስደብቅ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ይህን የምጽፍልሽ በዚያችው በደበቅኳት ወረቀት ጀርባ ላይ ነው፤ ፊደሌ የጠበበውም ለዚህ ነው። ተቀይመሽኝ ከሆነም ቅያሜሽን ጽፈሽ ላኪልኝ። ዝም ብቻ አትበይኝ። የቁልቢው ገብርኤል በሰው አገር ከክፉ ይሰውርሽ፣ የሚያዝንልሽ ጎረቤት አያሳጣሽ።

አንብበሽ ስትጨርሺ ወረቀቱን ገልብጪው። አራተኛውን መስመር ሰርዤ «አንዲት ልጅ አለችው፤ ተሻለች ትባላለች» ብዬ በእጄ ጽፌበታለሁ። የተለጠፉት ሁለት መቶ ሰማንያ ስምንቱ ግን ዝናብ እስኪያወርዳቸው እዚያው ናቸው።

አባትሽ
ሣህሉ ተሰማ