ስልክህን ስጠብቅ የተሰበረው ሙሌት

ይድረስ ለልጄ። በሰው አገር ባለህበት ፈጣሪ ይጠብቅህ፤ ጥርስህንም ከሐኪም ደጅ ያርቅልህ። ሁላችንም ደህና ነን፤ ከኔ መንጋጋ በቀር።

ያ አንተ «እማዬ፣ ነጩን አስሞዪ፤ ከጥርስሽ ጋር ይመሳሰላል» ያልከኝ የጥርስ ሙሌት እንደገና ተሰበረ። ድንጋይ ቆርጥሜ ቢሆን አንጀቴ ባላረረ፤ ለስላሳ ዳቦ ላይ ነው! አባትህ «ሲሚንቶ ይሻልሽ ነበር» እያለ ይስቅብኛል። ሳቁን ትቶ የተገነጠለውን የጓሮ በር ቢጠግን ምን ነበረበት! እህትህ ደህና ናት፤ እሷ እንኳ ትደውላለች።

የጥርስ ሐኪሟን «ምን ዓይነት ዕቃ ነው የሞላሽብኝ?» ብዬ ተቆጣኋት።

«እማማ፣ ዕቃውስ ደህና ነው» አለችኝ። «ምግብ ቢያኝኩበት ዓመታት ይቆያል። እርስዎ ግን ተኝተው ጥርስዎን ያፋጫሉ፤ ያን ሁሉ ጫና አይችልም። ለመኝታ የሰጠሁዎትን የጥርስ መሸፈኛ ፕላስቲክ ለምን አያጠልቁም?»

ምን ልበላት? እሱ አፌ ውስጥ ካለ አንድ ቃል አይወጣኝም። ያንተ ከሥራ መውጫ ደግሞ የኛ እኩለ ሌሊት ነው። ያን ሰሞን አጥልቄው ተኝቼ ሳለሁ ደወልክ፤ እሱን ከአፌ እስካወጣ ስልኩ ተዘጋ። መልሰህም አልደወልክ! ከዚያ ወዲህ ፕላስቲኩ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ስልኩ ትራሴ ሥር።

ሐኪሟ «የሚያስጨንቅዎት ነገር አለ?» ብትለኝ «ምንም» አልኳት፤ እንዳላሳጣህ ብዬ።

እጅህ የነካው ሁሉ ይለምልምልህ፤ ክፉ አይይህ። እባክህ፣ በቀን ደውልልኝ። ካልሆነልህም «ዛሬ አልደውልም» ብለህ መልእክት ላክልኝ፤ ፕላስቲኬን አጥልቄ ልተኛ።

እናትህ