የጎርፉን መንገድ ለዘጋው የዋና ስታዲየም ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ አቶ ደስታው፣
የፎገራ ሜዳ ዓለም አቀፍ የውሃ ዋና ስታዲየም ሥራ አስኪያጅ፤
ባሉበት፣ እሱም ባሕር ዳር እንደሆነ ሰምተናል።

ክቡርነትዎ እንደምን ከርመዋል? ጤናዎስ፣ ቤተሰብዎስ፣ በተለይም እግርዎ እንዴት ነው? ስለ እግርዎ ለይቼ መጠየቄ፣ ካለፈው ክረምት ወዲህ ወደ እኛ ዘንድ ብቅ ሲሉ ያየዎት ሰው ስለሌለ አሞዎት ይሆን ብለን ስለሰጋን ነው። እኛ የቀረነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን።

እኔ ይርዳው አዛናው እባላለሁ። ከወረታ በታች፣ ከስታዲየምዎ ግንብ አጠገብ ባለችው ጎጥ ሩዝ እያመረትሁ የምኖር ገበሬ ነኝ። በልጅነቴ ጣራ ገዳም ፊደል ስለቆጠርሁ የጎጡ ሰው አቤቱታ ሲኖረው የሚያጽፈው እኔን ነው። የዛሬው ግን የራሴ ስለሆነ፣ አጻጻፌ ቢጎረብጥዎ ይታገሡኝ።

አንደኛ፣ ቦታውን ስለ መረጡልን እናመሰግናለን። የዛሬ ስምንት ዓመት ባለሙያዎችዎ ሜዳውን እየዞሩ ሲለኩ፣ በሩዝ ማሳዎቻችን መካከል ያልታረሰ ረጅም መሬት አገኙና ባለቤት አለው ወይ ብለው ጠየቁኝ። የለውም፣ ማንም አያርሰውም አልኋቸው፤ እውነቴን ነበር። ያንን መሬት አባቶቻችን ያላረሱት፣ እኛም ያላረስነው፣ በነሐሴ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሲወጣ ወደ ጣና የሚያልፈው በዚያ ስለሆነ ነው። ይህን ግን አልነገርኋቸውም። እዚህ አገር ማንም የሚያውቀውን ነገር ለተማረ ሰው መንገር ነውር መስሎኝ ነበር። ይህን ስሕተት በእርስዎ ላይ አልጭንም፤ እኔው ተሸክሜው እኖራለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ምርቃቱ። ከአሥራ ሁለት አገር ዋናተኞች ይመጣሉ ተብሎ አሥራ ሁለት ባንዲራ ተሰቀለ፤ እኛም በታዘዝነው መሠረት ነጭ ለብሰን ከጠዋት ጀምሮ መንገድ ዳር ተሰለፍን። ሃምሳ ሜትር ለሚረዝመው ገንዳ ውሃው ከወረታ በቦቴ እየተጫነ ቢመጣም ከጉልበት አላለፈም። ወደ ማታ እንግዶቹ ሐሙሲት ከተማን ሳያልፉ መመለሳቸውና ውድድሩ ወደ ሌላ አገር መዛወሩ ተነገረን። ከዚያ ወዲህ ገንዳው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እርስዎም ጎርፍ እንዳያበላሸው ብለው ዙሪያውን ከፍ ያለ ግንብ አስገነቡለት፤ ለግንቡ የሚሆነውንም አፈርና ድንጋይ ያወጡት በክረምት ከብቶቻችንን ከምናወጣበት ጉብታ ነው። ውሃ እንዳይገባበት ታጥሮ የሚጠበቅ የመዋኛ ገንዳ በሌላው ዓለም ይኖር እንደሆነ አላውቅም። ከሌለ፣ በዚህ እንኳ ቀዳሚ ስላደረጉን ምስጋናችን ይድረስዎ።

ሦስተኛውን ለመጻፍ ብዙ ቀን ፈጅቶብኛል። ባለፈው ነሐሴ ርብ ሞላ። ውሃው የለመደውን መንገድ ይዞ መጣ፣ ግንቡን አገኘ፣ ወደ ቤታችን ዞረ። የእኛ ሰው ውሃ ሲመጣ የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ ከብቱን ወደ ከፍታ ይነዳል። የፎገራ ላም ዋና ታውቃለች፣ ሰውም ጭራዋን ይዞ ይሻገራል። ባለቤቴ ጸሐይነሽ በላም ጭራ ሠላሳ ክረምት ተሻግራለች። ያን ዕለት እኔ ሩዝ ላስፈትግ ወረታ ነበርሁ። ጉብታው ስለሌለ፣ በአካባቢው የቀረው ከፍታ የስታዲየምዎ የተመልካች ደረጃ ብቻ ነበር። ስለዚህ የላማችንን የቦራን ጭራ ይዛ ወደ በርዎ መጣች።

በሩ በሰንሰለት ተቆልፎ ነበር። ቁልፉ ባሕር ዳር እርስዎ ዘንድ ስለሚቀመጥ፣ ዘበኛው ያየህ ራሱ የሚገባው በጓሮ በኩል በመሰላል ነው፤ መሰላሉን ግን ያን ዕለት ውሃው ወስዶት ነበር። ያየህ ከግቢው ውስጥ ሆኖ ስልክ ደውሎ፣ ሰው በር ላይ ውሃ ሊወስደው ነውና ሰንሰለቱን ልስበር ብሎ ለመነዎት። እርስዎም፣ ጥያቄ ካላቸው በደብዳቤ ያቅርቡ ብለው በትሕትና መለሱለት። ያየህ ግን ሳይፈቀድለት ሰንሰለቱን በዶማ መምታት ጀመረ። ሰንሰለቱ ጠንካራ ነው፤ ለጥራቱ አድናቆታችንን እንገልጻለን። ጸሐይነሽ በበሩ ብረት መካከል እያየችው፣ «ቀስ በል ወንድሜ፣ እግርህን እንዳትመታው» ትለው እንደነበር ነግሮኛል። ከዚያ ግንቡን ታክኮ የመጣው ውሃ ከቦራ ጭራ ነጠላት። ያገኘናት በሁለተኛው ቀን፣ ከጎረቤታችን ከአቶ እንግዳው የሩዝ ማሳ ውስጥ ነው።

ቦራ ዋኝታ ወጥታለች። አሁንም ደጄ ላይ እንደታሰረች ናት፤ ላያት አልችልም፣ ልሸጣትም አልችልም።

ያየህም የመንግሥት ንብረት በዶማ በመምታቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሶታል። የደረሰው በሦስተኛው ቀን ነው፤ እኛ ገና ከቀብር መመለሳችን ነበር። ጽሕፈት ቤትዎ በደብዳቤ ረገድ እንዲህ ፈጣን መሆኑን ያወቅነው ያን ጊዜ ነው።

የምንለምንዎ ሁለት ነገር ነው። ግንቡ ውሃው በሚያልፍበት በኩል እንዲፈርስልንና፣ ቁልፉ ክረምቱን ያየህ ዘንድ እንዲከርምልን። ሰኔ እየወጣ ነው። በጎጧ ሠላሳ አንድ ቤት አለ፤ ምራቴ ሠርካለምም የምትወልደው በነሐሴ ነው። ዘንድሮ ከብቱን ወደ ደረጃው የምትነዳው እሷ እንዳትሆን እፈራለሁ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ሌሊት እንቅልፍ የለኝም።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜና ደረቅ ክረምት እየተመኘሁ፣ ከግንብዎ ሥር ሆኜ የቁልፍዎን መምጣት በአክብሮት የምጠብቅ፣

ይርዳው አዛናው
ከወረታ በታች

ማሳሰቢያ፦ ጥያቄያችንን በስልክ ባዘዙት መሠረት በደብዳቤ ለማቅረብ አሥር ወር ስለዘገየን ይቅርታዎን እንለምናለን። ጸሐይነሽ መጻፍ አትችልም ነበር፤ ብትችልም በዚያ ሰዓት እጇ የላሟን ጭራ ይዞ ነበር።