ኬሚስትሪ ለእትዬ ዝምታ ደረሰ

ይድረስ ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ ለመጀመሪያ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ራስ ምታት ተወሽ ወይስ አሁንም ይመላለስብሻል? ምግቡስ ተስማማሽ? ያቺ በእንቅልፍ ልቧ የምትዘፍነው የክፍል ጓደኛሽስ ደህና ናት? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እናትሽ ደህና ናት፤ ድምፅዋም ደህና ነው፣ እዚያ ድረስ ሳይሰማሽ አይቀርም። ጠበቃዋ ታናሽ እህትሽም ደህና ናት፤ ዛሬ ጠዋት እንኳን ተከራክራ ረትታኛለች። እኔም ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ወገቤም ቢሆን የሚያመኝ ስቀመጥ እንጂ ስቆም አይደለም፤ ችግሩ ልብስ ቆሞ አይሰፋም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ባለፈው ሱቅ ስትደውዪልኝ አፌ እስፒል ሞልቶት ነበር። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ መናገር አለብኝ። አንድ ሙሽራ ሱሪውን ላሳጥርለት በርጩማ ላይ ቆሞ፣ እኔ ከእግሩ ሥር ተንበርክኬ፣ ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል አጣብቄ ነው የሰማሁሽ። ኬሚስትሪ ወደቅኩ ስትይኝ «እምም» አልኩ። እንቅልፍ አልወስደኝ ብሏል ስትይኝም «እምም» አልኩ። የእማዬን የጸሎት ጓደኞች ዓይን ማየት ስለማልችል ለእረፍት አልመጣም ስትይኝም «እምም» አልኩ። ከዚያ ለእማዬ እንዳትነግርብኝ ብለሽ፣ አልቅሰሽ ዘጋሽው። እስፒሉን ተፍቼ «ልጄ» ስል የሚሰማኝ አልነበረም። ሙሽራው ምነው፣ ክፉ ወሬ ነው እንዴ ቢለኝ፣ አንዱን የሱሪ እግር ከሌላው አሳጥሬ ሸኘሁት። ከዚያ ወዲህ ስልክሽ ዝግ ነው። እናም እወቂልኝ፣ አልተቆጣሁም። አባትሽ ዝም ያለው በእስፒል ምክንያት ነው።

ለእናትሽ ላለመንገር ሞክሬያለሁ፤ ግን ታውቂኛለሽ፣ ምስጢር ሆዴ ውስጥ አይበረክትም። ምሳ ይዛልኝ ስትመጣ ለአንድ ጃኬት ሁለት የግራ እጅጌ ስሰፋ አገኘችኝና፣ ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ ብላ አፋጠጠችኝ። የኬሚስትሪውን ነገር ዘረገፍኩላት። ስለ እንቅልፉና ስለ እረፍቱ ግን አፌ አልታዘዘልኝም። ታለቅሳለች ብዬ ወንበር ሳብኩላት። እሷ እንኳን ልታለቅስ ወንበሩ ላይም አልተቀመጠችም። ምሳውን ማሽኑ ላይ አስቀምጣ፣ ኬሚስትሪ የደረሰው ለማን ነበር አለች።

ይህ ጥያቄ ግራ እንዳያጋባሽ ከሥሩ ልንገርሽ። ጓደኞቿ እንደሚጸልዩልሽ ታውቂያለሽ። የማታውቂው አሠራሩን ነው። አንቺ ሕክምና ልትማሪ ዩኒቨርሲቲ የሄድሽ ሰሞን እናትሽ በደፈናው መጸለይ ሰው ያሰንፋል ብላ ትምህርቶችሽን በዕጣ አከፋፈለቻቸው። ባዮሎጂ ለባለ ሥጋ ቤቱ ሚስት ደረሰ፤ ሁሉም ተገቢ ነው አሉ። ሒሳብ ለፀጉር ሠሪዋ ደረሰ። ኬሚስትሪ ለእትዬ ዝምታ ደረሰ፤ አዎ፣ በአጥር ለምንጎራበታቸው፣ ከአፋቸው ቃል በስንት ጊዜ አንዴ ለሚወጣው ለእሳቸው። ወረቀቷን ተቀብለው፣ አጣጥፈው ጉያቸው ከተቱ እንጂ አንድም ነገር አልጠየቁም። እናትሽ ለራሷ ትምህርት አልወሰደችም፤ ጠቅላላ ተቆጣጣሪ ሆነች። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳሎናችን ውስጥ ሪፖርት ይቀርባል። ሒሳብ እንዴት ነው ስትባል ፀጉር ሠሪዋ፣ ደህና ነው፣ በዚህ ሳምንት በርትቻለሁ ትላለች። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ቁልፍ እየተከልኩ እሰማለሁ። አንድ ቀን ሳቄ አምልጦኝ ከገዛ ሳሎኔ ተባርሬያለሁ።

ሰፈሩም ከእነሱ አይሻልም። እናትሽን የዶክተር እናት ብለው ነው የሚጠሯት፤ እሷም ስትጠራ ዞር ትላለች። ወገቡን ልለካው ሜትር የጠቀለልኩበት ሰው ሁሉ እግረ መንገዱን ሆዱ የት ጋ እንደሚቆርጠው ያሳየኛል። ጫማ ሠሪውማ ጉልበቱን ሐኪም ቤት ሄደህ አሳየው ቢባል፣ የለም፣ ልጅቷ ስትመረቅ ታየዋለች ብሎ ላንቺ አስቀምጦታል። ገና አንደኛ ዓመት ናት ብዬ ብነግረው፣ ጉልበቱም አይቸኩልም አለኝ። ያን ሳትመዘገቢ የሰፋሁልሽን ነጭ ጋውንም እናትሽ የሱቄ መስኮት ላይ ሰቅላው፣ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያየው ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም ደስ ይለኝ ነበር። አንቺ ከደወልሽ በኋላ ግን ባየሁት ቁጥር መስኮት ላይ የሰቀልነው አንቺን ራስሽን እየመሰለኝ መቀስ መያዝ አቃተኝ። አወረድኩትና ለባለ ሥጋ ቤቱ ሰጠሁት። ሆዱ ጋ ትንሽ ጨርቅ ጨመርኩለት፤ አምሮበታል። እናትሽ አኩርፋኝ ከረመች። ሥጋ ልትገዛ ሄዳ ለብሶት፣ ቢላዋውን እየሳለ እንደ ትልቅ ሐኪም በቁም ነገር «ቀጥሎ» ሲል ስትሰማው ግን ሳቋ ስለቀደማት ታረቅን።

አሁን የቅዳሜውን ስብሰባ ልንገርሽ። እናትሽ ሻዩ ተቀድቶ ሳያልቅ፣ ኬሚስትሪ ወድቋል ብላ አስታወቀች። ሁሉም አንገቱን ወደ እትዬ ዝምታ አዞረ። የባለ ሥጋ ቤቱ ሚስት፣ ባዮሎጂ በከፍተኛ ውጤት ስላለፈ ደረቷን ነፍታ ስለነበር፣ እህቴ ምናልባት ተዘናግተው ይሆን ብላ ጠየቀች። ፀጉር ሠሪዋ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ነው ወይስ ማታ ማታ የሚጸልዩት አለች። መርማሪ ፊት የቀረቡ ነው የሚመስሉት፤ እኔ በእሳቸው ቦታ ብሆን ጠበቃዋን እጠራ ነበር። እትዬ ዝምታ ሻያቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«ልጆቼ፣ ኬሚስትሪ ምን እንደሆነ አላውቅም» አሉ። «የበሽታ ስም ይሁን የአገር ስም፣ መጠየቅ አፈርኩ። ስለዚህ ልጅቷን እንቅልፍ እንዲወስዳት ብቻ ነበር የምጸልየው።»

ያን ጊዜ እኔ አላስችል ብሎኝ፣ ልጅቷ እንቅልፍ አይወስደኝም ብላኛለች አልኩ። እትዬ ዝምታ ወደ እኔ ዞረው አዩኝ፤ ፊታቸው ወደቀ። «እሱም አልሆነልኝማ» አሉ። አነጋገራቸው ከልባቸው ስለነበር መጀመሪያ ማንም አልሳቀም። ቀጥሎ ፀጉር ሠሪዋ በመዳፏ አፏን ብትይዝም ሳቁ በአፍንጫዋ ወጣ። እሷ ስትጀምር ሁሉም ተከተለ፣ እትዬ ዝምታም ጭምር።

ከሳቁ በኋላ ደግሞ ኑዛዜው መጣ። ፀጉር ሠሪዋ እንባዋን እየጠረገች፣ እኔም ሒሳቡን ከተውኩት ቆይቻለሁ አለች። ስትጸልይ የከረመችው አንቺ እዚያው ባል እንዳታገቢ ነው፤ የሠርግሽን ፀጉር ሌላ ሰው ይሠራብኛል ብላ ፈርታ። የባለ ሥጋ ቤቱ ሚስት ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። እናትሽ ብትጎተጉታት፣ ባዮሎጂ የደረሳት መሆኑ ትዝ የሚላት ቅዳሜ ሪፖርት ሊቀርብ ሲል በራችን ላይ ብቻ መሆኑን አመነች። ጨርሳ ጸልያ አታውቅም። ልብ በይ፣ ከሁሉ የበለጠ ያመጣሽው ባዮሎጂ ነው።

እናትሽ ተቆጣጣሪነቷን ሳትለቅ፣ ታዲያ እነዚያን ፈተናዎች ማን አለፋቸው አለች። ይህን ጊዜ ጠበቃዋ ከማድ ቤት በር ላይ፣ ሳህን እየወለወለች፣ ሳትጠየቅ መለሰች።

«ያለፈችውንም ያለፈችው፣ የወደቀችውንም የወደቀችው እሷው ናታ። እናንተን ማን ፈተናችሁ?»

ይቺ ልጅ አንድ ቀን ወይ ትሾማለች ወይ ትታሰራለች። እናትሽ ልትቆጣት ተነስታ መልሳ ተቀመጠች። የሚገርመው፣ ለእኔም ነገሩ የበራልኝ ያን ጊዜ ነው። አንቺ እንቅልፍ ያጣሽው በኬሚስትሪ አይደለም። የስንት ሴት ጸሎት፣ የሰፈሩን ተስፋና የአንድ ሰው ጉልበት ያበላሸሽ መስሎሽ ነው። ምንም ያበላሸሽው ነገር የለም፣ ልጄ። ውጤቱ የራስሽ ነው፣ ያለፈውም የወደቀውም። ከዚህ ውስጥ የምትመልሽልን ዕዳ የለብሽም።

ሴቶቹ ሲሄዱ እናትሽ ብርጭቆዎቹን ልታጥብ ገባች፤ ገብቼ ባያት ውሃውን ከፍታ ቆማለች። በደወለች ቁጥር ውጤቷን እንጂ እሷን ጠይቄያት አላውቅም አለችኝ። ማልቀሷን ለማንም እንዳትነግር ብላኛለች። ምስጢር እንደማልችል ደግሞ ከላይ ጽፌልሻለሁ።

ትምህርቶቹ በሙሉ ከሴቶቹ ተወስደው ላንቺ ተመልሰዋል። ከእንግዲህ በደፈናው ይጸልያሉ። እትዬ ዝምታ ብቻ እንቅልፉን አልመልስም፣ ገና አልጨረስኩትም ብለዋል። ጠበቃዋ ደግሞ ለእኔ እስከ ዛሬ አንዲት ሴት አልተመደበችልኝም ብላ አቤቱታ አቀረበች። ማንን ትፈልጊያለሽ ስትባል የባለ ሥጋ ቤቱን ሚስት መረጠች፤ ስትረሳ ውጤት ታመጣለች ብላ።

ድጋሚ ፈተናው ከእረፍት በኋላ ነው ብለሽኛል። ተፈተኚ አትፈተኚ አልልሽም፤ አንቺ ታውቂያለሽ። ተገልብጦ የተሰፋ እጅጌ ተፈትቶ ይሰፋል ልልሽ ነበር፣ እናትሽ ግን ሁሉን ነገር ወደ ልብስ አትመልሰው ብላኛለች። ስለ መምጣትሽ ግን ዝም አልልም። ለእረፍት አልመጣም ማለትሽንም ነግሬያቸዋለሁ፣ ይቅር በይኝ። በሙሉ ድምፅ የተላለፈው ውሳኔ እንዲህ ይላል፦ ካልመጣሽ እነሱ ይመጣሉ። ፀጉር ሠሪዋ ሱቋን ትዘጋለች፣ የባለ ሥጋ ቤቱ ሚስት ስንቅ ትይዛለች፣ እናትሽ ከፊት ትመራለች፣ የመኝታ ክፍላችሁ ኮሪደር ላይ ወንበር ደርድረው ጮክ ብለው ይጸልያሉ። ላስቆማቸው አልችልም። እኔንማ አንተ ቤት ጠብቅ ብለውኛል። እንግዲህ ምረጪ።

ጠበቃዋ ሰላም ብላሻለች፤ አልጋሽ ላይ መተኛት ጀምራ ነበር፣ በፈቃዷ ለቃልሻለች። ፀጉር ሠሪዋ ሳምልኝ ብላለች፤ ባል ካለም ከአሁኑ ይነገረኝ ትላለች። የባለ ሥጋ ቤቱ ሚስት ሰላምታ ልካልሽ ነበር፣ ምን እንዳለች ግን እሷም ረስታዋለች። ጫማ ሠሪው ጉልበቱን በራሱ እግር ሐኪም ቤት ወስዶት እፎይ ብሏል፣ አታስቢ ብሎሻል። እትዬ ዝምታ ሱቁ በር ላይ ቆመው፣ ዛሬ በጊዜ ትተኛ በላት አሉኝ። እኔም እንደ እሳቸው ነው የምልሽ፤ ናፍቀሽኛል፣ እወድሻለሁ።

ለእናትሽ ሰላምታዋን ራስሽ ጻፊ ብዬ ብዕሩን ሰጥቻታለሁ። ወረቀቱ ይበቃኛል ወይ ብላ ስትጠይቀኝ ሌላ ሦስት ወረቀት አዘጋጅቼላት ነበር። ብዙ ቆይታ ከታች ያለውን ብቻ ጽፋ ብዕሩን መለሰችልኝ።

ከልብስ ስፌት ሱቄ፣ ከማሽኑ ጎን
ሐሙስ፣ የካቲት ፬ ቀን
አባትሽ

ልጄ፣ ኬሚስትሪ ገደል ይግባ። አንቺ ነይ።