ቀይ ስላየህ ብቻ

ራጉኤል፣

ለእሑዱ ሙት ዓመት የአያትህን ፎቶ ከየት ላመጣ ነው?

አንተማ ኮምፒውተር አዋቂ ነህ። ትእዛዝ በምትጽፍበት በዚያ ጥቁር መስኮትህ የፎቶዎቹ ማገናኛዎች ቀልተው ብታይ፣ «የሞቱ ናቸው» ብለህ በአንድ ትእዛዝ ጠረግሃቸው። ፎቶዎቹ ያሉበት ዲስክ መነቀሉን ዞር ብለህ አላየህም። ሰማይ ሲያጉረመርም ሁሉንም ገመድ እንደምነቅል ደግሞ ከልጅነትህ ጀምሮ ታውቃለህ።

የጎረቤታችንን ልጅ ዊንታን ብጠይቃት ሳቀችብህ። «እማማ፣ ማገናኛው መንገድ ጠቋሚ ነው እንጂ ፎቶው አይደለም። ፎቶው ዲስኩ ላይ አለ» አለችኝ። የድሮ ጎረቤቶቻችን እነ የሺዓለም ድልድዩ ጋ የነበረው ቤታቸው ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ገብተዋል። አሮጌው ቦታ ላይ ስላጣሃቸው ተዝካር ልታወጣላቸው ነው? ለዚህ ነው ያስተማርንህ?

ዲስኩን መልሼ ሰክቼዋለሁ። ማገናኛዎቹን እንደገና ሥራ። ስትጨርስ ዊንታ የሰጠችኝን ይህን ጻፍ፦

find . -xtype l

የተበጠሰ ካለ ያሳይሃል እንጂ አያጠፋም። ማየት ይቀድማል። ማጥፋቱን እኔን ሳትጠይቅ እንዳታስበው።

ከዚያ አያትህ ባርኔጣ ያደረጉበትን ፎቶ ፒያሳ ፎቶ ቤት አድርስ። ምሳህ ፍሪጅ ውስጥ ነው። አሙቀህ ብላ፤ እንደ ትናንቱ ባዶ ሆድህን አትዋል።

«ጠፋ፣ በቃ» ብለህ ጥለኸኝ መውጣትህን አልረሳሁትም።

ሰማዩ ጠቁሯል። ገመዱን ግን አልነካሁትም።

አንተ ተኝተሃል። እኔ ሥላሴ ልሳለም ወጥቻለሁ።

እናትህ