የጎረሰ ሽጉጥ

ሰኞ

ጓድ በቀለ ሽጉጡን ከወገቡ መዝዞ የቆዳ መስፊያ ጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጠው አፈሙዙ በቀጥታ ወደ ሆዴ ነበር። ከኋላ ያለችው መምቻ ተነሥታለች። ጥይት ጎርሷል ማለት ነው። ወደ ግራ ፈቀቅ አልኩ። መቀስ ላነሳ መሰለው።

የቀበሌያችን አዲሱ ሊቀመንበር ነው፤ ከተሾመ ሦስት ወሩ። የሽጉጥ ማኅደር ፈልጎ ነው የመጣው። ቀበቶ ላይ የሚታሰር፣ ላዩ ክፍት፣ ምላጩ ወደ ውጭ የወጣ። «እጄን ስሰድ ጣቴ ምላጩ ላይ ማረፍ አለበት። ለሐሙስ ይደርሳል?» ይደርሳል አልኩት። ጥይቱን ያውጡልኝ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ሽጉጡን ወረቀት ላይ አስተኝቼ ዙሪያውን በእርሳስ አሰመርኩ። ከጦር ሠራዊት ኮርቻ ቤት ጀምሮ ስንቱን ማኅደር ሰፍቻለሁ፣ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። የፈራሁት ደግሞ ሽጉጡን አይደለም።

ማክሰኞ

ሥጋ ሻጩ ሱልጣን ለአዲስ ቢላው አፎት ሊያሠራ መጣ። ሲያቀብለኝ እጀታውን ወደ እኔ አዞረ። ማንም አላዘዘውም፤ ከአባቱ ያየው ነው። ለእንዲህ ያለ ቢላ በስለቱ በኩል ሦስተኛ ቆዳ መሃል አስገብቼ እሰፋለሁ፤ አለዚያ ስለቱ ክሩን በልቶ ይወጣና ጭን ይቀድዳል።

ቀኑን ሙሉ ሙያውን ያስተማሩኝን ባሻ ወልዴን ሳስብ ዋልኩ። በሕይወት የሉም። ይሉ የነበረውን ልጻፈው፣ እንዳይጠፋ።

ማኅደር የሚሰፋው ሽጉጥ ለመምዘዝ ሳይሆን ለመያዝ ነው። ምላጩ ይሸፈን። ላዩ በቁልፍ ይያዝ። ቤት ሲገባ ሽጉጡ ከማኅደሩ ይውጣ፤ ቆዳ እርጥበት ይዞ ብረት ያዝጋል። (እዚህ አዋሳ ደግሞ እርጥበቱን ሐይቁ ያመጣዋል።) ከሁሉ በላይ፦ ባዶ ነው ያለህን ሰው አትመን። ክፈትና እይ።

ረቡዕ

የማኅደሩን ቆዳ ምላጩን እንዲሸፍን አድርጌ ቆረጥኩ። ባለቤቴ አስቴር አየችው።

«እንዲህ ነው ያዘዘህ?»

«አይደለም።»

«እሱ እኮ ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ ማን ቤታችን እንደሚገባ የሚጠይቅ ሰው ነው። በአንድ ቁራጭ ቆዳ ልታሳስረን ነው?»

እውነቷን ነው። መስፋቱን ግን ቀጠልኩ። ወስፌው አውራ ጣቴን ወጋኝ።

ሐሙስ

ጓድ በቀለ ከአንድ አብዮት ጠባቂ ጋር መጣ። ማኅደሩን አገላብጦ አየና ፊቱ ጠቆረ።

«ሸፍነው ብዬሃለሁ?»

«ልክ መሆኑን እንይ ጓድ ሊቀመንበር፤ መጀመሪያ ጥይቱን ያውጡልኝ» አልኩ። ድፍረቱ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ።

ሳቀ። ካዝናውን ከእጀታው መዝዞ ጠረጴዛው ላይ ጣለው። «ይኸው፣ ባዶ ነው።»

«የጎረሰው አልወጣም። ካዝናው ቢወጣም አንድ ጥይት ውስጥ ይቀራል።»

ወደ ጠባቂው ዞሮ «ፈሪ ነው» አለና ባዶነቱን ሊያሳየኝ ጣቱን ምላጩ ላይ አሳረፈ። አፈሙዙ ወደ በሩ ነው። ከበሩ ውጭ መንገዱ ሰው ይተራመስበታል።

እጁን ያዝኩት። የሊቀመንበሩን እጅ! ሽጉጡን ወደ ወለሉ ዝቅ አድርጌ በሌላው እጄ የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ሳብኩት። ጥይቷ ወጥታ ወለሉ ላይ ተንከባለለች።

ጠባቂው ጣራ ጣራውን አየ። በቀለ ጎንበስ ብሎ ጥይቷን አነሳ፣ ማኅደሩን ትቶ ወጣ።

ዓርብ

ጠባቂው መጣ። «ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ቀበሌ ትፈለጋለህ።» ሌላ ቃል የለም።

ያደረግነው፦ ቤታችን ለጸሎት የሚመጡት ዛሬ እንዳይመጡ ላክንባቸው። መጽሐፍ ቅዱሱን ከቆዳ ክምር ሥር ደበቅነው። አስቴር ብርድ ልብስና ሁለት ሸሚዝ አዘጋጀች። የሱልጣንን አፎት ጨረስኩ፤ ቢያንስ እሱ አይጉላላ።

አስቴር አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ

በቀለ ቢሮው ውስጥ ብቻውን ነበር። «ጋሽ ማቴዎስ፣ ይቀመጡ» አለኝ። አንቱ ሲለኝ የባሰ ፈራሁ።

«የሐሙሱን ለማን ነገሩ?»

«ለባለቤቴ ብቻ።»

መሳቢያውን ከፍቶ ሽጉጡን አወጣ። «እኔ የሂሳብ አስተማሪ ነበርኩ። ስሾም ይህን ሰጡኝ፤ እንዴት እንደሚያዝ ያሳየኝ የለም። መጠየቅ ደግሞ አፈርኩ።» ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ትራስ ሥር ነው የማሳድረው። ከልጆቼ ጋር አንድ ክፍል ነው የምንተኛው።»

አሳየሁት። መጀመሪያ ካዝናው ይወጣል፣ ቀጥሎ የጎረሰው፣ ከዚያ በዓይን ማየት፣ ከዚያ በጣት መዳሰስ። ይህ ሁሉ ሲሆን ጣት ከምላጩ ይራቅ፣ አፈሙዙ ወደ ሰው አይዙር። ቤት ሲገባ በተቆለፈ ሣጥን፣ ጥይቱ ለብቻው። እሱ ራሱ ሦስቴ ሠራው፤ በአራተኛው የማርመው አጣሁ። ማኅደሩን በጋዜጣ ጠቅልዬ ይዤ ነበር። ተቀብሎ ቀበቶው ላይ አሰረው። ስለ ጸሎታችን አላነሳም።

አስቴር በር ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። እጄን ይዛ አስገባችኝ። ምሳችንን በላን፤ ከረቡዕ ወዲህ እህል የጣመኝ ዛሬ ነው።

እሁድ

ከሐይቁ ዳር ስንመለስ በቀለን ከባለቤቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር አገኘነው። ቆሞ ሰላም አለን። ማኅደሩ ወገቡ ላይ ነው፤ ተቆልፏል። ትንሿ ልጁ ቀበቶውን ይዛ ትጎትታለች። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ካለፉ በኋላ አስቴር «ክፉ ሰው አይመስልም» አለች።

ባለፈው ወር ከታቦር ተራራ ግርጌ ሁለት ወንድማማቾች ከቤታቸው ሲወሰዱ ከፊት የነበረው እሱ ነው። እስከ ዛሬ አልተመለሱም። ያን ጊዜ የያዘውን ሽጉጥ በቅጡ አያውቀውም ነበር። አሁን ያውቃል፤ ያሳየሁት ደግሞ እኔ ነኝ። የራሱን ልጆች አትርፌ ይሆናል። ሌላ ምን እንዳደረግሁ ግን አላውቅም።