ሰባት ቁጥር ማልያዬና የእትዬ ለምለም ልጅ

ማክሰኞ

ክው ብያለሁ። ከልምምድ በኋላ ጫማዬን ስፈታ አሰልጣኛችን ግሌን አጠገቤ ተቀመጠና "አዲስ ኳርተርባክ ወስደናል፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው" አለኝ። እንደ ዋዛ። ኳርተርባኩ እኮ እኔ ነኝ። በአሜሪካ ፉትቦል ኳሷን የሚወረውረው፣ ሌላውን ሁሉ "አንተ እዚህ፣ አንተ እዚያ" የሚለው አንድ ሰው ነው፤ በኛ ቡድን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያ ሰው እኔ ነበርኩ። አምና ዋንጫ ያነሳነው በማን ክንድ ሆነና?

"ለወደፊቱ ነው፣ አንተማ አለህ" አለኝ። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው። "አለህ" የሚባለው ሊሄድ ለተቃረበ ሰው መሆኑን አጥቼው አይደለም።

ከሜዳችን ከሃክኒ እስከ ቤቴ ስቶክዌል ቆሜ መጣሁ። ባቡሩ ሞልቶ ይሁን ባዶ አላስታውስም።

ረቡዕ

ሥራ ቦታ የአንድ ሊፍት በር ሁለት ጊዜ ገጥሜ ሁለት ጊዜ ፈታሁ። ምሳ ሰዓት ላይ የራሴን ሁኔታ ቼክ አደረግኩ።

ትከሻ፦ ጠዋት ጠዋት ያመኛል። ለማንም አልተናገርኩም።
ጉልበት፦ ደህና።
ዓይን፦ ከሁሉም እበልጣለሁ።
ፍጥነት፦ እሱን እንተወው።

ሐሙስ

ሌላ ጉድ። ልጁ ሐበሻ ነው። ያውም ናሆም፣ የእትዬ ለምለም ልጅ። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ወደዚህ አገር ስመጣ እትዬ ለምለም ዌምብሊ ቤታቸው ሦስት ወር ሶፋ ላይ አስተኝተውኛል። ያኔ ናሆም ስምንት ዓመቱ ነበር። እሑድ እሑድ ግጥሚያ እያልኩ ከቤተ ክርስቲያን ስለራቅኩ ስንት ዘመን አላየሁትም። አሁን በአንድ ራስ ይበልጠኛል።

ሲያየኝ ሄልሜቱን አወለቀ፣ ቀኝ እጁን በግራው ደግፎ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ። ቦርሳዬን ተቀበለኝ። "ጋሼ ዮናስ፣ እዚህ ይቀመጡ፣ እዚያ ይነፍስብዎታል።" የቡድኑ ልጆች በሳቅ ሞቱ። ማርጀቴን የሰማሁት በገዛ ቋንቋዬ ነው።

ክንዱ ግን ሌላ ነው። ኳሷ ከእጁ ስትወጣ ታፏጫለች። ይህን የጻፍኩት ሳልወድ ነው።

ዓርብ

እትዬ ለምለም ደወሉ። ልጃቸውን እኔ የመረጥኩት መስሏቸው እያለቀሱ መረቁኝ። "ዮናስዬ፣ ውለታህን እግዜር ይክፈልህ። አባቱ እንደሆነ የለም፣ እንግዲህ አባቱ አንተ ነህ። አደራህን።"

"እትዬ፣ እኔ አይደለሁም" ማለት ነበረብኝ። ምርቃት መሀል እንዴት ይቆረጣል? "ኧረ ምንም አይደል፣ አያስቡ" ብዬ ዘጋሁ። ቦታዬን የሚወስደውን ልጅ በአደራ ተቀበልኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ቅዳሜ

ግሌን ናሆም ይወርውር፣ ዮናስ ሮጦ ይቀበል ብሎ ሞከረን። ለሌሎቹ ሲወረውር ደረታቸውን ነው የሚላቸው። ለኔ ሲሆን ግን ኳሷ ትለሰልሳለች፣ ለሽማግሌ ውኃ እንደሚያቀብል ሰው። ቀስ ብላ ስትመጣ ተከላካዮቹ መንገድ ላይ ይቀሟታል። ሦስቴ ተቀማን። ግሌን ተናደደና "ልጁ አልደረሰም፣ ነገ ዮናስ ይወረውራል" አለ።

አሸነፍኩ ማለት ነው። ምክንያቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ልጁ በታላቅ ላይ እጅ ማንሳት ነውር ነው ተብሎ ያደገ ነው፤ በኳስም ቢሆን። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። ቦርሳዬን ዘግቼ ተነሳሁ።

ናሆም ቦርሳዬን እስከ ጣቢያ ተሸከመልኝ። አደራ በላ ሲባል እሰማ ነበር፣ ለካ እንዲህ ያለ ሰው ነው።

እሑድ

እስከ ዕረፍት ጥሩ ወረወርኩ። ከዕረፍት መልስ ትከሻዬ እምቢ አለኝ፤ ሁለት ኳስ ሳይደርስ ወደቀ። በአራት ነጥብ እየተመራን ነው፣ የቀረው ጥቂት ደቂቃ። ግሌን ወደ ናሆም አየ፣ ራሱን ነቀነቀና ተወው።

እግሬ ወደ ግሌን እንዴት እንደወሰደኝ አላውቅም። "ልጁ ይግባ፣ እኔ እቀበላለሁ" አልኩት። ናሆምን ማልያውን ያዝኩት። "ስማኝ። ለሌሎቹ እንደምትወረውረው ለኔም ወርውር። ጥርሴን ብታወልቀው አልቀየምህም።"

"ጋሼ፣ ቢጎዱስ?"

"ልጎዳ። የወንድሜ ልጅ አይደለህም፣ ኳርተርባኬ ነህ።"

ሮጥኩ፣ ዞርኩ። ኳሷን ከማየቴ በፊት ፉጨቷን ሰማሁ። ቀኝ እጄ ላይ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኳት። ቁልቁል ሳይ መስመሩን አልፌ ገብቻለሁ። ያ ስድስት ነጥብ ነው፤ በሁለት በለጥናቸው። ሁሉም እየዘለለ ናሆም ብቻ "ይቅርታ፣ ይቅርታ" እያለ ይሮጣል።

ሰኞ

በግራ እጄ ነው የምጽፈው፣ ፊደሉ የሕፃን ይመስላል። የቀለበት ጣቴ ተሰብሯል። ሐኪሟ ስድስት ሳምንት አለች። እስከዚያ ውድድሩ ያልቃል። ከዚያ በኋላ እመለስ እንደሆነ ግሌንም አልነገረኝ፣ እኔም አልጠየቅኩ። እንደ ማክሰኞ ግን አልደነገጥኩም፤ ያስደነገጠኝ አለመደንገጤ ነው።

እትዬ ለምለም ደውለው ነበር። "ታላቁን ይመታ ብዬ ነው ያሳደግኩት?" እያሉ አለቀሱ። እግሬ ላይ ወድቆ ይቅርታ እንዲለኝ ዛሬ ከሥራ ሲወጡ ይዘውት ይመጣሉ። አይሆንም ብል የሚሰሙ ሴትዮ አይደሉም።

ሰባት ቁጥር ማልያዬን አጥቤ አጥፌ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ሦስቴ መሳቢያ ውስጥ መለስኩት፣ ሦስቴ አወጣሁት። አሁን ጠረጴዛው ላይ ነው።

እትዬ ለምለም እስካሁን ልጃቸውን የመረጥኩት እኔ ይመስላቸዋል። ዛሬም እንደዚያ ብለው ቢመርቁኝ አሜን እላለሁ፣ ከትናንት ወዲህ ውሸት አይደለም። በሩ እየተንኳኳ ነው።